ጣሪያው ሲዘጋ ማርሚታው ምን ይላል?

የመኪና አምድ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከመጡልን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ጣሪያቸው ስለሚከፈት መኪኖችና ስለ ማርሚታቸው የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው፣ አምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ በመሆኑ መልሱም ረዘም ብሏል።

ጥያቄ፤ ከሎስ አንጀለስ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት የ2019 ሞዴል ማዝዳ ኤም.ኤክስ-5 ሚያታ ገዛሁ። ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ናት፤ ጣሪያዋም የሚታጠፍ ጨርቅ ነው። በነርስነት ስለምሠራ ከቤት የምወጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በፈጣን መንገድ እነዳለሁ። መኪናዋን እጅግ እወዳታለሁ፤ ድምፅዋ ግን የልብስ ስፌት መኪና ይመስለኛል። ጓደኞቼን ባማክር ሦስት ዓይነት ሐሳብ ሰጡኝ። አንዷ «የኋላውን ማርሚታ ብቻ ቀይሪ» ትላለች፤ ሌላው «ከካታሊስቱ (ከጭስ ማጣሪያው) በኋላ ያለውን ቱቦ በሙሉ ቀይሪ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ካታሊስቱንም አስወጥተሽ ጣዪው፣ ጉልበት ትጨምራለች» ብሎኛል። በቪዲዮ ያልሰማሁት የማርሚታ ድምፅ የለም፤ ብዙ በሰማሁ ቁጥር ግን ይበልጥ ግራ እየተጋባሁ ነው። የትኛውን ብመርጥ ይሻላል? ሕጉስ ምን ይላል?

መልስ

ከጻፉልን ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅሙኝ ሁለቱ ናቸው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት መውጣትዎና የሚነዱት 80 ኪሎ ሜትር። ጣሪያዋ የምትከፈት መኪና ያለው ሰው ማርሚታ ሲመርጥ በዓይነ ኅሊናው የሚታየው አንድ ዓይነት ቀን ብቻ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ጣሪያው ታጥፎ፣ ባሕሩን በጎን ይዞ ወደ ማሊቡ ሲነዳ። በዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉት ቀኖች ስንት እንደሆኑ ቆጥረው ያውቃሉ? ስለዚህ ምክሬን ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ ማርሚታውን የሚመርጡት ጣሪያው ተዘግቶ፣ በስድስተኛ ማርሽ፣ በየቀኑ በሚነዱበት ፍጥነት ላይ ሆነው ይሁን። ጣሪያ ተከፍቶ የማያስደስት ማርሚታ የለም ማለት ይቻላል፤ ተዘግቶ የሚቻለው ግን ጥቂቱ ነው።

ነገሩን በቁጥር ላሳይዎ። አራት ሲሊንደር ባለው ሞተር ውስጥ ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ ቃጠሎ ይካሄዳል። የእርስዎ መኪና በስድስተኛ ማርሽ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሯ በደቂቃ 2,700 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ይህም በሴኮንድ 45 ዙር፣ ማለትም 90 የቃጠሎ ምት ይሆናል። በሴኮንድ 90 ጊዜ የሚመታ ድምፅ ከጆሮ ይልቅ ደረት የሚሰማው ወፍራም ጉምጉምታ ሲሆን፣ እንደ ሚያታ ባለች ጠባብ መኪና ውስጥ ጣሪያው ሲዘጋበት ከበሮ ውስጥ የተቀመጡ እስኪመስልዎ ድረስ ያስተጋባል። ጣሪያው ሲከፈት ያው ድምፅ ወደ ሰማይ ይበተናል፤ የተረፈውንም ነፋሱ ይሸፍነዋል።

ቪዲዮዎቹ ግራ ያጋቡዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። የስልክ ማይክሮፎን ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣበት በራሱ መቀበሉን ይቀንሳል፣ ለስላሳ ድምፅ ሲያገኝ ደግሞ ያጎላዋል፤ በዚህ የተነሳ ጨዋው ማርሚታና ጯሂው ማርሚታ ስልክዎ ላይ እኩል ሆነው ይወጣሉ። የስልኩ ትንሽ ድምፅ ማጉያም ያንን ወፍራም ጉምጉምታ በቅጡ ማሰማት አይችልም። ቪዲዮ የሚያሰማዎት ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲጮህ የሚወጣውን ቀጭን ድምፅ ነው፤ በየንጋቱ አብሮዎት የሚጓዘውን አያሰማዎትም። የሚበጀው ተመሳሳይ ማርሚታ ያስገጠመ ሰው ፈልጎ፣ ጣሪያውን አዘግቶ፣ አሥር ደቂቃ በፈጣን መንገድ አብሮ መሄድ ነው። የሚያታ ባለቤቶች መኪናቸውን ማሳየት ስለሚወዱ እምቢ የሚልዎ ሰው አይገጥምዎትም።

ይህን የምለው ራሴም ተቃጥዬበት ነው። ከዓመታት በፊት ሁለተኛው ትውልድ ሚያታ ነበረችኝ። አንድ ሱቅ በር ላይ ቆማ ስታጓራ የሰማኋትን መኪና ማርሚታ ወድጄ፣ ሳላድር ገዝቼ አስገጠምኩ። ለሦስት ሳምንት እንደ እኔ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ አንድ የክረምት ቀን ጣሪያውን ዘግቼ፣ ማሞቂያውን ከፍቼ፣ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ላስ ቬጋስ ከባለቤቴ ጋር ጉዞ ጀመርን። መንገድ ላይ ካለችው ባርስቶው ከተማ ሳንደርስ ሬዲዮኑን ዘጋሁት፤ ወደ ቬጋስ ስንቃረብ ባለቤቴ የምትለኝን ለማወቅ ከንፈሯን ማየት ነበረብኝ። በሳምንቱ የፋብሪካውን ማርሚታ ከጋራዡ ጥግ አውጥቼ መልሼ ገጠምኩት። ደግነቱ አልጣልኩትም ነበር፤ እርስዎም የእርስዎን እንዳይጥሉ።

አሁን ወደ ጓደኞችዎ ሐሳብ ልምጣ፤ የሦስተኛውን ቶሎ ልዝጋው። ካታሊስትን ማውጣት በአሜሪካ የፌዴራል የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ጋራዡንም ባለቤቷንም ይመለከታል። በካሊፎርኒያ በሚደረገው የጭስ ምርመራ ደግሞ መርማሪው መሣሪያ ከማንበብ አልፎ ካታሊስቱ በቦታው መኖሩን በዓይኑ ያያል፤ አሮጌውን በአዲስ መተካት እንኳ የሚቻለው አዲሱ የመኪናው አምራች ራሱ የሠራው ወይም ከግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር ያለው ከሆነ ብቻ ነው። ከካታሊስቱ በኋላ ያለውን ቱቦና ማርሚታ ለመቀየር ይህ ቁጥር አያስፈልግም። «ጉልበት ትጨምራለች» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። በእርስዎ ሞተር ላይ ጭሱ ከአራቱ ሲሊንደሮች በአራት ቱቦ ይወጣል፤ ከዚያ ሁለት ሁለቱ ይጣመሩና በመጨረሻ አንድ ይሆናሉ። ይህ አሠራር የተቃጠለው ጋዝ ወደ ሲሊንደሩ ተመልሶ እንዳይገባ ስለሚያግዝ፣ ሞተሩ 13 ለ1 የሆነ ከፍተኛ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚደረግ እመቃ) እንዲሸከም አስችሎታል። ሌሎች መኪኖች ላይ ሰዎች በውድ ዋጋ የሚያስገጥሙትን ማኒፎልድ (ከሲሊንደሮቹ ጭሱን የሚሰበስቡትን ቱቦዎች) እርስዎ ከፋብሪካው አብሮ ተሰጥቶዎታል ማለት ነው። ያውም የ2019 ሞዴል ከቀደመችው እኅቷ ይልቅ የታደለች ናት፤ 155 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 181 ያደገው ፒስተኖቹና የፒስተን ክንዶቹ ቀለል ብለው፣ የሞተሩ የዙር ጣሪያም ከ6,800 ወደ 7,500 ከፍ ብሎ ነው።

የሁለተኛው ጓደኛዎ ሐሳብ ሕጋዊ ነው፤ ለእርስዎ ግን አልመክረውም። ከካታሊስቱ እስከ ኋላ ድረስ ሲቀየር የመሀሉ ቱቦ አብሮ ይወጣል፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ እዚያ መሀል ሪዞኔተር የሚባል አነስተኛ ድምፅ አለዛቢ ተገጥሞ ይገኛል። ያ ዕቃ ከሌለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲፋጠን ቆርቆሮ ላይ እንደሚጎተት ሰንሰለት የሚሸክር ድምፅ ያወጣል። የመሀል ቱቦ ብለው የሚሸጡ አንዳንዶችም ካታሊስት ያለበትን ክፍል ጨምረው የሚተኩ ስለሆኑ ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

የሚቀረው የመጀመሪያዋ ጓደኛዎ ሐሳብ ነው፤ የኋላውን ማርሚታ ብቻ መቀየር። ለመኪናዋ የሚጨምረው ጉልበት መቀመጫ ላይ ተቀምጠው የሚሰማዎት ዓይነት አይደለም፤ የሚገዙት ድምፅንና፣ ከኋላ ጎማዎች ወደ ኋላ የተንጠለጠለውን ክብደት በጥቂት ኪሎ ማቅለልን ነው። ይህን አምነው ከገዙ አይከፉም።

ማርሚታ ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ያብረቀርቃል፤ ልዩነቱ ሆዱ ውስጥ ነው። አንደኛው ዓይነት የተበሳሳ ቱቦ ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ ብሎ የሚያልፍበትና ዙሪያው በመስታወት ጭረት ወይም በብረት ሱፍ የታጨቀ ነው፤ ቀጫጭኑን ድምፅ በደንብ ይውጣል፣ ወፍራሙን ግን ብዙም አይነካውም። ሌላው በውስጡ በላሜራ ግድግዳ ወደ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እርስ በርሱ እንዲጣፋ የተሠራ ነው። በእኔ ሚዛን ለእርስዎ አነዳድ የሚበጀው ሆዱ ሰፊ የሆነ ወይም ከጎኑ አንድ ጫፉ የተዘጋ ቅርንጫፍ ቱቦ ያለው ማርሚታ ነው። ይህ ቅርንጫፍ ቀላል ብልሃት ነው። ድምፁ እስከ ተዘጋው ጫፍ ሄዶ ሲመለስ ከዋናው ድምፅ ጋር ተቃራኒ ሆኖ ስለሚገናኝ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ለ90 ምት የሚሆነው ቅርንጫፍ፣ ጋዙ 250 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ፣ ርዝመቱ ወደ 1 ሜትር ከ27 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ ታጥፎና ተጠማዝዞ የሚያዩት። ሻጩን «ጉምጉምታውን የሚያጠፋው በስንት ዙር ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ከ2,500 እስከ 3,000 መካከል ያለ ቁጥር ከጠራልዎ የሚያወሩት ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው።

ጋራዥ ውስጥ «ሞተር ትንሽ መታፈን ያስፈልገዋል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። አባባሉ ከእውነት ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። ሞተር መታፈንን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጋዙ በቱቦው ውስጥ ፍጥነቱን ሳያጣ እንዲወጣ ነው፤ ፈጥኖ የሚወጣ ጋዝ ከኋላው ያለውን እየሳበ ያወጣልና። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጋዙ ይዘገያል፣ መኪናዋም በዝቅተኛ ዙር ትደክማለች። ለእርስዎ ሞተር ከ57 እስከ 63 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ይበቃል፤ 76 ሚሊ ሜትር የሚሸጥልዎ ሰው ካለ ለመልክ እንደሆነ ይወቁት።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ ከፍሪጅዎ በር ላይ አንድ ማግኔት ነቅለው ይያዙ። አይዝጌ ብረት ሁሉ አንድ አይደለም፤ 304 የሚባለው 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው፣ 409 የሚባለው ግን ክሮሚየሙ 11 በመቶ ገደማ ሲሆን ኒኬል የለውም ማለት ይቻላል። ማግኔቱ 409 ላይ ጥብቅ ብሎ ይይዛል፤ 304 ላይ ግን ይንሸራተትና ይወድቃል፣ ብየዳው አካባቢ ብቻ ትንሽ ሊስብ ይችላል። ዋጋው የ304 ሆኖ ማግኔቱ ከያዘ ዕቃውን አመስግነው ይመልሱ። እርግጥ በሎስ አንጀለስ አየር 409 እንኳ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ጨው በሚበተንበት በረዷማ አገር ቢሆን ኖሮ ይህን በቀላሉ አላልፈውም ነበር።

ጣሪያቸው ለሚከፈት መኪኖች ብቻ የሚነሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሽታ ነው። ጣሪያው ተከፍቶ ሲነዱ ከፊት መስተዋቱ ኋላ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ከመኪናዋ ጀርባ ያለው አየር ተጠቅልሎ ወደ መቀመጫው ይመለሳል፤ ፀጉርዎ ወደ ኋላ መሄዱ ቀርቶ ወደ ፊት ሲመጣ ያስተዋሉት ለዚህ ነው። ጭስ ከዚያ አየር ጋር አብሮ ይመጣል። ስለዚህ የማርሚታው አፍ ከመከላከያው ወጣ ያለ መሆን አለበት፤ ማገጣጠሚያዎቹም ፍጹም የማያስወጡ ይሁኑ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ስለዚህ ሽታ አለመኖሩ ብቻ ማስተማመኛ አይሆንም። ሁለተኛው ከመኪናዋ ሥር ያሉት የብረት ማጠናከሪያዎች ናቸው። ጣሪያ የሌላት መኪና ጥንካሬዋን የምታገኘው ከወለሏ ስለሆነ፣ ቱቦው የሚያልፍበትን መሀል ተሻግረው የሚያስሩ ማጠናከሪያዎች አሏት። ሠራተኛው ለሥራው ብሎ ከፈታቸው ሁሉም ብሎኖች በልካቸው ጠብቀው መመለሳቸውን ቆመው ያረጋግጡ። አዲሱ ማርሚታም ከእነርሱ ጋር ቢያንስ የአንድ ጣት ርቀት ይኑረው፤ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ መኪናዋም ጉድጓድ ላይ ስትነጥር ቱቦው ይወዛወዛል።

ስለ ድምፅ ሕጉ፣ በካሊፎርኒያ ከ6,000 ፓውንድ በታች ለሆነ መኪና የተፈቀደው 95 ዴሲቤል ሲሆን፣ የሚለካው ማይክሮፎኑ ከማርሚታው አፍ ግማሽ ሜትር ርቆ በ45 ዲግሪ ጎን ተቀምጦ ነው። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሯችን ድምፁ በእጥፍ የጨመረ ያህል እንደሚሰማው ያስታውሱ፤ በ95ና በ105 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ እንደሚመስለው ትንሽ አይደለም። ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ከልክ ያለፈ ማርሚታ «አስተካክለህ አሳይ» በሚል ማስጠንቀቂያ መታለፉ ቀርቶ በቀጥታ ቅጣት ማስከፈል ጀምሯል። በቁልፍ እየተከፈተ ጭሱን ማርሚታው ሳይነካው የሚያስወጣ በርም በሕጉ በግልጽ ተከልክሏል። በዚህ መለኪያ ከ95 በታች መሆኑን አምራቹ በጽሑፍ የሚያረጋግጥለትን ይምረጡ፤ ወረቀቱንም መኪናው ውስጥ ያኑሩት።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ስለመውጣትዎ ደግሞ ልመለስ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ካታሊስቱን ቶሎ ለማሞቅ ሲል ለተወሰነ ጊዜ ዙሩን ከፍ አድርጎ ይቆያል፤ ጎረቤት የሚነቃው በዚያች ሰዓት ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው መኪና ላይ ማርሚታ ሲሞክሩ ሞተሩ አድሮ በርዶ ሳለ ሲነሳም ይስሙ።

መግጠሙ አስቸጋሪ አይደለም፤ ሥርዓት ያለው ጋራዥ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ይጨርሰዋል። ማርሚታው የሚንጠለጠልባቸው ጎማዎች በሳሙና ውኃ ሲርሱ ይንሸራተታሉ፤ በካቻቢቴ የሚፈለቅቃቸው ሠራተኛ ካዩ አስቁሙት። ማገጣጠሚያው ላይ ያለው ጋስኬት አዲስ ይሁን። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ማርሚታውን በአልኮል ያስጠርጉ፤ የጣት ቅባት በሙቀት ተቃጥሎ ብረቱ ላይ አሻራ ትቶ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም። በመጨረሻ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ ሠራተኛው ወፍራም ጨርቅ ማርሚታው አፍ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ይጫን፤ ከማገጣጠሚያው የሚፏጭ ድምፅ ከተሰማ ያስተነፍሳልና እንደገና ይጠበቅ።

አከፋፋዩ «ዋስትናሽ ይሰረዛል» ቢልዎ አይደንግጡ። ከ1975 ጀምሮ ባለው የፌዴራል የዋስትና ሕግ መሠረት የሌላ አምራች ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋስትና አይሰረዝም፤ ጉዳቱን ያደረሰው ያ ዕቃ መሆኑ መታየት አለበት።

ጥያቄ፤ ከአዲስ አበባ

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ የብረት ጣሪያዋ ታጥፎ ኋላ የሚገባ መርሴዲስ ኤስ.ኤል.ኬ 230 ኮምፕረሶር አለችኝ። ከባሕር ጠረፍ አገር ስትመጣ ኃይለኛ ነበረች፤ እዚህ ግን እየደከመች ነው። መካኒኬ ካታሊስቱን አውጥቶ ሰፊ ቱቦ ቢበየድላት ጉልበቷ ይመለሳል ይለኛል። ይመለሳል?

መልስ

ከድካሟ የተወሰነው የመኪናዋ ሳይሆን የከተማችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የእርስዎ ሞተር አየር ገፊ ኮምፕረሰር ቢኖረውም፣ በቀበቶ የሚዞረው ያ ኮምፕረሰር ራሱ የሚስበው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። በጭስ መውጫ በኩል የሚደረግ ሥራ ይህን አይመልስም።

ይሁን እንጂ «እየደከመች ነው» ማለትዎን ልብ ብያለሁ። ከፍታ አንድ ጊዜ ይቀንሳል እንጂ ከወር ወር እየጨመረ አይሄድም። ድካሙ እየባሰ ከሆነ ካታሊስቱ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም በግምት ሳይሆን በመለኪያ ማወቅ ይቻላል። መካኒክዎ ከካታሊስቱ በፊት ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ይግጠም፤ ሞተሩ በ2,500 ዙር ሲሠራ ንባቡ ከ0.2 ባር በላይ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል። ያን ጊዜ ካታሊስቱ በሌላ ካታሊስት ይተካ። አውጥቶ ባዶ ቱቦ መበየድ በየመንገዱ የምንተነፍሰውን ጭስ ማብዛት ነው። ንባቡ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ማርሚታውን ትተው ሻማውን፣ የአየር ማጣሪያውንና የኮምፕረሰሩን ቀበቶ ያስፈትሹ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚን የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያለችዎትን እንዲህ ያለች መኪና ቆርጦ ከመበየድ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ ይገባል።

ጥያቄ፤ ከፍራንክፈርት

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለሚያታ የገዛውን ማርሚታ ሊሰጠኝ ፈልጓል። እኔም ያንኑ መኪና ስላለኝ ይሆነኛል?

መልስ

ብሎኑ ቢገጥም እንኳ ፈቃዱ አይገጥምም። ጀርመን ውስጥ የሚተካ ማርሚታ፣ በክብ ውስጥ «ኢ» ከሚል ፊደልና ከቁጥር ጋር የተመታ የአውሮፓ ማረጋገጫ ምልክት ያለውና ማረጋገጫውም ለመኪናዎ ዓይነት የተሰጠ መሆን አለበት፤ አለዚያ በመርማሪ ድርጅት ታይቶ በመኪናዎ ሰነድ ላይ መመዝገብ ይኖርበታል። ይህ ሳይሆን ቢነዱ መኪናዎ መንገድ ላይ የመንቀሳቀስ ፈቃዷን ታጣለች፤ ኢንሹራንሱም ችግር ይፈጥርብዎታል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ምልክት ስለሌላቸው፣ ወንድምዎ ከመላኩ በፊት ማርሚታውን ገልብጦ ሆዱ ላይ የተመታውን ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። ምልክቱ ከሌለ ለማጓጓዣ የሚያወጡትን ገንዘብ እዚያው ጀርመን ምልክት ያለውን ለመግዛት ያውሉት።